በእጅ የተሠራ መሣሪያ ከውጭ ሲገዛ፦ ቀረጡ የሚጀምረው ከሠሪው ጠረጴዛ ነው

ከአንድ ሠሪ ወርክሾፕ የወጣ ጊታር የጉምሩክ መጋዘን ሲደርስ አብሮት የሚጓዘው ወረቀት ብዙ ጊዜ አንድ ቅጠል ነው። «ጊታር፣ 1» ይላል፤ ከሥሩ አንድ ቁጥር ተጽፏል፤ አለቀ። እንጨቱ ምን እንደሆነ፣ ቁጥሩ መጓጓዣን ይጨምር አይጨምር፣ ቀብዱ የት እንደገባ አይታወቅም። ሠሪው ወራት ሙሉ የእንጨቱን ድርቀት ሲለካ፣ የድምፅ ሰሌዳውን በአሥረኛ ሚሊሜትር ሲፍቅ ከርሞ ለወረቀቱ የሰጠው ጊዜ አምስት ደቂቃ ነው። ገዢውም ስለ ድምፁ ብዙ ጠይቆ ስለዚህ የሽያጭ ወረቀት፣ ስለ ኢንቮይሱ፣ አንድም አልጠየቀም። በኋላ የሚመጣው ያልታሰበ ሒሳብ፣ የመጋዘን ኪራይ፣ የሰነድ ምልልስ፣ ሲከፋም የዕቃው መወረስ፣ ሥሩ ሲቆፈር እዚህች ቅጠል ላይ ይገኛል።

በእጅ በተሠራ መሣሪያ ላይ የሚከፈለው ገንዘብና የሚባክነው ጊዜ በአመዛኙ የሚወሰነው ትእዛዙ በተሰጠበት ቀን ነው ብዬ አምናለሁ። የቀረጥና የታክስ መጣኔው ከአገር አገር ይለያያል፤ የአሠራሩ አጥንት ግን አንድ ነው። ዋጋ የሚተመንበት መንገድ ከዓለም ንግድ ድርጅት የጉምሩክ ዋጋ ትመና ስምምነት፣ ዕቃ የሚመደብበት ቁጥር ደግሞ ከዓለም ጉምሩክ ድርጅት የአመዳደብ ሥርዓት ይመጣል። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ከየትም ለሚገዛና የትም ለሚያስገባ ሰው ይሠራል።

ሒሳቡ

ብዙ ሰው መጣኔዎቹን ደምሮ ያሰላል። ቀረጡ 5 በመቶ፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ከሆነ «ከዋጋው 20 በመቶ» ብሎ፣ ለ2,000 መሣሪያ 400 ያስቀምጣል። ስሌቱ ግን የሚሄደው በደረጃ ነው፤ የአንዱ ደረጃ ውጤት ለቀጣዩ መነሻ ይሆናል።

መሣሪያው 2,000፣ መጓጓዣው 250፣ መድኑ 40 ነው እንበል። በአብዛኞቹ አገሮች የቀረጥ ማስከፈያ ዋጋው የሦስቱ ድምር ነው፤ ሲአይኤፍ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ 2,290 ይሆናል። የዚህ 5 በመቶ 114.50 ነው። የተጨማሪ እሴት ታክሱ ደግሞ ቀረጡ በተደመረበት በ2,404.50 ላይ ይሰላል፤ 15 በመቶው 360.68 ነው። በአንድ ላይ 475.18፤ ከመሣሪያው ዋጋ ወደ 24 በመቶ የሚጠጋ። ኤክሳይዝ ወይም ሱር ታክስ ያለበት አገር ከሆነ እያንዳንዱ ግብር በየትኛው ድምር ላይ እንደሚሰላ ይጠየቅ፤ ቅደም ተከተሉ ሲቀያየር ውጤቱም ይቀየራል። በፈጣን መልእክት ኩባንያ በኩል የመጣ ዕቃ ላይ ሌላም ይጨመራል፤ ኩባንያው ቀረጡን በእናንተ ስም አስቀድሞ ይከፍልና ለዚህ አገልግሎት የራሱን ክፍያ ይጠይቃል። ይህ ክፍያ ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ወለል ስላለው ርካሽ መሣሪያ ላይ ከቀረጡ ሊበልጥ ይችላል። ከመላኩ በፊት የአገልግሎት ታሪፉን ጠይቆ ማወቅ ይቻላል፤ የሚጠይቅ ሰው ግን አላይም።

ጥቂት አገሮች መጓጓዣውን ከቀረጡ ውጭ ያደርጉታል። አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ቀረጡን የሚያሰሉት ዕቃው ከላኪው አገር በሚወጣበት ዋጋ ላይ ነው። (በአውስትራሊያ ግን የሽያጭ ታክሱ ሲሰላ መጓጓዣውና መድኑ ተመልሰው ይገባሉ።) በእነዚህ አገሮች መጓጓዣው በኢንቮይሱ ላይ ለብቻው ካልተጻፈ የሚለየው የለም፤ «2,250፣ መላኪያን ጨምሮ» ብሎ የጻፈ ሠሪ ለደንበኛው ያልነበረ ቀረጥ ፈጠረበት ማለት ነው።

መጓጓዣውን ካነሣን አይቀር፣ በሙዚቃ መሣሪያ ላይ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ስለ ሣጥኑ መጠን አለማሰብ ነው። አየር አጓጓዦች ከእውነተኛው ክብደትና ከይዘት ክብደት የሚበልጠውን ወስደው ያስከፍላሉ። የይዘት ክብደት በብዙዎቹ ዘንድ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲሜትር ተባዝተው ለ5,000 ሲካፈሉ የሚገኘው ነው። ጊታር ከጠንካራ መያዣው ጋር 6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሠሪው በእጁ ባገኘው 125 በ55 በ28 በሆነ ካርቶን ቢልከው ሒሳቡ 38.5 ኪሎ ይሆናል። በልኩ ተቆርጦ 118 በ50 በ23 ቢሆን 27.1 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ከ11 ኪሎ ይበልጣል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የካርቶን ውስጥ አየር ብቻ ነው። መጓጓዣው የቀረጥ መነሻ ውስጥ በሚገባበት አገር ደግሞ ለዚያ አየር ቀረጥና ታክስም ይከፈላል። ለመሸፈኛ በየጎኑ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ይተው፤ ከዚያ ያነሰ አንገቱን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ወጪ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሠሪው በአገሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ የሚነግራችሁ ዋጋ ያንን ታክስ የያዘ ሊሆን ይችላል። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ በአብዛኞቹ ሥርዓቶች ከላኪው አገር ታክስ ነፃ ነው። በ20 በመቶ ታክስ ተካትቶ 2,400 የተባለ ጊታር ለውጭ ገዢ 2,000 መሆን አለበት። ይህን ያልጠየቀ ሰው ሁለት ጊዜ ታክስ ይከፍላል፤ በዚያ ላይ የመጀመሪያው ታክስ የሁለተኛው መነሻ ውስጥ ገብቶ እንደገና ይቀረጥበታል። ጥያቄው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ይህ ዋጋ የአገራችሁን ታክስ ይጨምራል? ለኤክስፖርትስ ስንት ነው?»። ትናንሽ ወርክሾፖች ብዙ ጊዜ ከመመዝገቢያው ወለል በታች ስለሆኑ የሚቀንሱት ነገር ላይኖር ይችላል፤ መጠየቁ ግን ነውር የለውም።

ዋጋ ማለት ምን ማለት ነው

የዋጋ ትመና ስምምነቱ መሠረት የሚያደርገው የግብይት ዋጋን ነው፤ ለዕቃው በእርግጥ የተከፈለውን ወይም የሚከፈለውን ጠቅላላ ገንዘብ። ከፋብሪካ ለተገዛ ዕቃ ይህ ቀላል ነው። በትእዛዝ ለሚሠራ መሣሪያ ግን ገንዘቡ ተከፋፍሎ፣ በተለያየ ጊዜ፣ አንዳንዴም በዓይነት ይከፈላል። ችግሩ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

ቀብድን እንውሰድ። 2,000 ለሚያወጣ መሣሪያ 600 ቀብድ ተከፈለ፤ ሥራው ሲያልቅ 1,400 ተላከ። ሠሪው የመጨረሻውን ኢንቮይስ ሲጽፍ ያልተከፈለውን ብቻ፣ 1,400ን፣ ይጽፋል፤ ለእሱ ሒሳቡ ትክክል ነው። ጉምሩክ ግን የባንክ ማስረጃ ሲጠይቅ ሁለት ዝውውር ያያል፤ ወይም የሠሪውን ድረ ገጽ ከፍቶ ተመሳሳይ ሞዴል በ2,000 ያገኛል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ ስሕተት መሆኑ ይቀርና ዋጋ የማሳነስ ጥርጣሬ ይሆናል። ኢንቮይሱ መጻፍ ያለበት እንዲህ ነው፦ ጠቅላላ ዋጋ 2,000፤ በዚህ ቀን የተቀበልኩት ቀብድ 600፤ ቀሪ 1,400፤ ለጉምሩክ የሚገለጸው ዋጋ 2,000። አራት መስመር ብቻ ነው።

ከቀብዱ ይልቅ ብዙ ሰው የማያውቀው የስምምነቱ አንቀጽ 8 ነው። ገዢው ለሠሪው በነፃ ወይም በቅናሽ ያቀረበው ነገር ዋጋው ወደ መሣሪያው ዋጋ ይደመራል። ለዓመታት ያስቀመጣችሁትን የእንጨት ገበታ፣ የምትወዱትን የክር መወጠሪያ፣ አንድ ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ ወደ ማጉያ የሚያደርስ ዕቃ) ወይም የብር ጌጥ ልካችሁ ሠሪው ቢገጥምላችሁ፣ እሱ የሚያስከፍለው የእጁን ብቻ ነው፤ ጉምሩክ ግን የላካችሁትንም ይቆጥራል። የላካችሁትን ነገር የግዢ ደረሰኝ አስቀምጡ፤ በኢንቮይሱም ላይ «በገዢው የቀረበ» ተብሎ ከነዋጋው ይጻፍ። መያዣውና የማሸጊያው ወጪም እንዲሁ የዋጋው አካል ናቸው። የማይደመረው ደግሞ ዕቃው ከገባ በኋላ የሚደረግ ገጠማ ወይም ማስተካከያና ከወደቡ ወዲህ ያለ የአገር ውስጥ መጓጓዣ ነው፤ ይህም የሚሆነው በሰነዱ ላይ ተለይተው ከተጻፉ ነው።

ዋጋን ስለ መቀነስ ደግሞ በግልጽ መናገር አለብኝ። ሠሪው በቅን ልብ «800 ብዬ ልጻፍልህ?» ወይም «ስጦታ ነው ልበል?» ሊል ይችላል። እምቢ በሉ። በሕግ ከሚያስቀጣው ሌላ በተግባርም የሚጎዳው ገዢውን ነው። ጊታሩ በመንገድ አንገቱ ቢሰበር ካሳው የሚሰላው በተገለጸው ዋጋ ነው፤ 800 ብሎ የላከ 2,000 አይቀበልም። መሣሪያው ለጥገና ተመልሶ ቢሄድ ወይም ቢሸጥ ያው የውሸት ቁጥር በሰነዱ ላይ ይከተለዋል። ስጦታ የሚባለው ነፃ መብትም ባለበት አገር ለአነስተኛ ዋጋና ክፍያ ላልተፈጸመበት ዕቃ ነው፤ በባንክ የተከፈለበት ዕቃ ስጦታ አይሆንም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሠሪውን ሥራ በወረቀት ማርከስ ነው።

የምንዛሪ ተመኑም አንዳንዱን ግር ይለዋል። ጉምሩክ የሚጠቀመው የራሱ ባለሥልጣን ያወጣውን ተመን ነው፤ ገንዘቡን በላካችሁበት ቀን ባንኩ የሰጣችሁን አይቀበልም። ቀብዱና ቀሪው በስድስት ወር ልዩነት ከተላኩ በባንክ ደረሰኞቻችሁ ላይ ያለው ድምር ከጉምሩኩ ቁጥር ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ስሕተት አይደለም።

የታሪፍ ቁጥሩ

በአመዳደብ ሥርዓቱ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚገኙት በምዕራፍ 92 ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በዓለም ሁሉ ተመሳሳይ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን እያንዳንዱ አገር ይጨምራል። በደጋን የሚመታ ባለ ክር መሣሪያ፣ እንደ ቫዮሊንና ቼሎ ያለው፣ 9202.10 ነው። ሌላው ባለ ክር፣ ማለትም ጊታር፣ ኡድ፣ በገና፣ ኮራ፣ 9202.90 ነው። የናስ ትንፋሽ መሣሪያ 9205.10፣ ዋሽንት፣ ክላርኔትና አኮርዲዮን 9205.90፣ ከበሮና ሌሎች የምት መሣሪያዎች 9206፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ 9207፣ ክርና መለዋወጫ 9209። በእጅ መሠራት በዚህ ክፍፍል ውስጥ ቦታ የለውም፤ ከማሽን የወጣውና ሠሪው በቢላ የጠረበው ቫዮሊን በአንድ ቁጥር ይገባሉ።

እንግዲህ የሚበላሸው የት ነው? በጣም የተለመደው ሠሪው በትሕትና ወይም በኩራት «የእንጨት የእጅ ጥበብ ሥራ» ብሎ ሲጽፍ ነው። የጉምሩክ አስተላላፊው ያንን አንብቦ 4420 ውስጥ፣ የእንጨት ጌጣ ጌጥ ካለበት፣ ይከተዋል፤ መጣኔውም ሌላ ነው። መግለጫው የመሣሪያውን ስም፣ እንዴት እንደሚመታና ከምን እንደተሠራ ይናገር፤ «ባለ ስድስት ክር አኩስቲክ ጊታር፣ በጣት የሚመታ፣ የፊት ሰሌዳው ስፕሩስ፣ ጀርባና ጎኑ ሜፕል»።

ቀጥሎ ያለው ፒክአፕ የተገጠመለት አኩስቲክ መሣሪያ ነው። 9207 የሚመለከተው ድምፁ በኤሌክትሪክ የሚፈጠረውን ወይም የግድ በኤሌክትሪክ መጉላት ያለበትን ነው። «የግድ» የምትለዋ ቃል ትልቅ ናት። ሶኬቱ ሳይሰካ በደንብ የሚሰማ ጊታር ፒክአፕ ስላለው ብቻ ከ9202 አይወጣም። ሠሪው «ኤሌክትሮ አኩስቲክ» ብሎ ብቻ ከሚጽፍ «አኩስቲክ ጊታር፣ ፒክአፕ የተገጠመለት» ቢል ክርክሩ አይነሣም።

ከቫዮሊን ጋር የሚመጣ ደጋን፣ ቁጥሩ የተለመደውን ያህል ከሆነና ለዚያ መሣሪያ መሆኑ ግልጽ ከሆነ፣ ከመሣሪያው ጋር ይመደባል። ለመሣሪያው ቅርፅ የተሠራ መያዣም አብሮ ከመጣ እንዲሁ። ለብቻው የተላከ መያዣ ግን 4202 ውስጥ ይገባል፤ በብዙ አገር መጣኔው ከመሣሪያው ከፍ ይላል። ስለዚህ «መያዣውን በሌላ ፖስታ እልካለሁ» የሚል ሠሪ ካለ አስቁሙት። ተፈታትቶ የመጣ መሣሪያ፣ አንገቱ ለብቻ ገላው ለብቻ ቢሆን እንኳ፣ በአንድ ላይ እስከቀረበ ድረስ መለዋወጫ አይሆንም፤ መሣሪያ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ መሣሪያ ደግሞ ከምዕራፍ 92 ወጥቶ 9706 ውስጥ ይገባል፤ ዕድሜውን የሚመሰክር የባለሙያ ወረቀት ካለው።

ዋጋው ከፍ ያለ ትእዛዝ ከሆነ የቅድሚያ ውሳኔ የሚባለውን ጠይቁ። የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጥ ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ሥራ ላይ የዋለው፣ አባል አገሮች ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ስለ ታሪፍ ቁጥሩና ስለ ስሪት አገሩ በጽሑፍ ውሳኔ የሚሰጡበትን መንገድ ያስቀምጣል። በትእዛዝ የሚሠራ መሣሪያ ወራት ስለሚፈጅ ለዚህ የሚበቃ ጊዜ አለ። ከሱቅ ለሚገዛ ሰው የሌለ ዕድል ነው።

የስሪት አገርን በአጭሩ፦ በሁለቱ አገሮች መካከል የንግድ ስምምነት ካለ ቀረጡ ሊቀንስ ወይም ሊቀር ይችላል፤ ለዚህ ግን መሣሪያው እዚያ መሠራቱን የሚገልጽ ሰነድ ያስፈልጋል። ስሪት አገር ማለት የተሠራበት እንጂ የተላከበት አይደለም። በሦስተኛ አገር ባለ ነጋዴ እጅ የዞረ ኡድ መብቱን በመንገድ ሊያጣ ይችላል። ዕቃው ከወጣ በኋላ ሰነዱን ማሠራት አስቸጋሪ ስለሆነ ቀድሞ ይጠየቅ።

እንጨቱ፣ ቆዳው፣ አጥንቱ

እስካሁን የተነሣው ጥፋት ሁሉ በገንዘብ ይስተካከላል። አሁን የምናገረው ግን መሣሪያውን ራሱን የሚያሳጣ ነው።

በመጥፋት ላይ ያሉ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የሚባለው ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ይሠራል። በጊታር ዓለም በጣም የተወደደው የብራዚል ሮዝውድ፣ ዳልበርጂያ ኒግራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በአባሪ 1 ውስጥ ነው፤ ይህ ማለት ጥብቅ ማስረጃ ከሌለው በቀር በንግድ ድንበር አይሻገርም። በጥር 2017 ሌሎቹ የዳልበርጂያ ዝርያዎች በሙሉ ንግዱ በፈቃድ በሚካሄድበት በአባሪ 2 ገቡ፤ ለአንድ ክላርኔት እንኳ ፈቃድ የተጠየቀበት ጊዜ ነበር፤ ክላርኔትና ኦቦ የሚሠሩበት ጥቁር እንጨት፣ ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን፣ ከዚያው ወገን ነውና። በኅዳር 2019 ማስተካከያ መጣ፤ የተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ ክፍሎቻቸውና መለዋወጫዎቻቸው ከአባሪ 2ቱ ዳልበርጂያ ፈቃድ ነፃ ሆኑ። የብራዚሉ ሮዝውድ ግን በዚህ ነፃነት ውስጥ የለም።

ኢንቮይስ ላይ «ሮዝውድ» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ ችግሩ ይህ ነው። ቃሉ የተፈቀደውንም የተከለከለውንም ይሸፍናል፤ ፈታሹ ደግሞ በዓይኑ አይለያቸውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል የእንጨቱ ሳይንሳዊ ስም ይጻፍ፤ ለፊት ሰሌዳ፣ ለጀርባና ጎን፣ ለአንገት፣ ለጣት ሰሌዳ፣ ለክር ማረፊያው። ጎበዝ ሠሪ ይህን ያውቀዋል። የማያውቅ ወይም መጻፍ የማይፈልግ ሠሪ ቢያጋጥም እንጨቱን ከየት እንዳመጣው ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ እኔ ከእንዲህ ያለው ባልገዛ እመርጣለሁ። የቫዮሊን ደጋን የሚሠራበት ፐርናምቡኮም በአባሪ ውስጥ ስላለ፣ በተለይ ከብራዚል በቀጥታ የሚወጣ ከሆነ፣ ደንቡ በግዢው ጊዜ ይጣራ።

የዝሆን ጥርስና የባሕር ኤሊ ልባስ በአሮጌ ደጋኖችና ጌጦች ላይ ይገኛሉ፤ ከጥቂት የደቡባዊ አፍሪካ ዝሆኖች በቀር ሁለቱም በአባሪ 1 ናቸው፤ ብዙ አገሮችም በላዩ የራሳቸውን ክልከላ ጨምረዋል። እዚህ ላይ ንጹሕ ሰው የሚያዝበት ነገር አለ፤ ከከብት አጥንት የተሠራ ነጭ የክር ማረፊያ ለፈታሹ የዝሆን ጥርስ ሊመስለው ይችላል። «የክር ማረፊያ፦ የከብት አጥንት» የምትል አንዲት መስመር ብዙ ሳምንት ታድናለች። የቻይናው ኤርሁ ፊቱ በዘንዶ ቆዳ የተለበጠ ነው፤ ዘንዶዎች በሳይተስ ቁጥጥር ሥር ስለሆኑ የላኪው አገር ፈቃድ ከመሣሪያው ጋር መምጣት አለበት። ፈቃድ ዕቃው ከወጣ በኋላ አይሠራም፤ ያለ ፈቃድ የደረሰ መሣሪያ ይወረሳል። ይግባኙም ብዙም አይረዳም።

ያልለፋ ቆዳ የተወጠረበት ከበሮ ሌላ በር ያንኳኳል፤ የእንስሳት ጤና ቁጥጥርን። ይህ ለሥርዓት ብቻ የተቀመጠ አይደለም። የአባ ሰንጋ ዘር በደረቅ ቆዳ ላይ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2006 በኒውዮርክ አንድ ከበሮ ሠሪ ከፍየል ቆዳ በተነፈሰው የአባ ሰንጋ ዘር በጽኑ ታሟል፤ በዚያው ዓመት በስኮትላንድ፣ በ2008 ደግሞ በለንደን ከከበሮ ቆዳ ጋር በተያያዘ ሰዎች ሞተዋል። ፈታሹ ስለ ቆዳው ሲጠይቅ የሚፈልገው የእንስሳውን ዓይነት፣ ቆዳው እንዴት እንደታከመና የላኪው አገር የእንስሳት ሐኪም የምስክር ወረቀት ነው። አንዳንድ አገር ጭራሽ አያስገባም፤ እንዲህ ከሆነ ሠሪው ከበሮውን በሰው ሠራሽ ፊት ወጥሮ ቢልከውና ቆዳው በገዢው አገር ካለ ነጋዴ ተገዝቶ ቢወጠር ይሻላል። ውስጡ የተክል ዘር የያዘ ማንኳኳያም ያስቸግራል፤ ዘሩ ሊበቅል የሚችል ከሆነ የዕፅዋት ቁጥጥር ይከለክለዋል። ቅልና ቀርከሃ ላይ ደግሞ የሚፈለገው የነፍሳት ቀዳዳ ነው፤ አንዲት የነቀዝ ቀዳዳ ሙሉ ጭስ ማጠንን ታስከትላለች።

ማሸጊያውም ይፈተሻል። ከተራ ጣውላ የተሠራ ሣጥን አይኤስፒኤም 15 በሚባለው የእንጨት ማሸጊያ ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት የእንጨቱ እምብርት 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለ30 ደቂቃ መቆየት ወይም በሌላ በተፈቀደ መንገድ መታከምና የስንዴ ዘለላ ያለበት ማኅተም መያዝ አለበት። ያለ ማኅተም የመጣ ሣጥን ይመለሳል ወይም ይቃጠላል፤ በውስጡ ያለው ደጋግ እጅ የሠራው በገና ቢሆንም። ኮምፔንሳቶና ካርቶን ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው፤ ስለዚህ ሠሪው የግድ ጠንካራ ሣጥን ከፈለገ በኮምፔንሳቶ ይሥራው።

መጋዘን ውስጥ

መሣሪያው ለፍተሻ ሲከፈት ሠሪው አጠገቡ የለም። ካርቶኑ እንደተከፈተ በመጀመሪያ የሚታይ አንድ ወረቀት ይኑር፤ የትኛው ጫፍ መጀመሪያ እንደሚከፈት፣ መሣሪያው በምን እንደሚያዝና ሲመለስ እንዴት እንደሚታሸግ ከሥዕል ጋር የሚያሳይ። ፈታሾች አጥፊዎች አይደሉም፤ የማያውቁትን ዕቃ በጥድፊያ የሚመልሱ ሰዎች ናቸው፤ መመሪያ ካገኙ ይከተላሉ። የኢንቮይሱ ቅጂ በውጭም በውስጥም ይሁን፤ የውጩ ኪስ ይቀደዳል።

ክሮቹ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ያህል ላላ ይበሉ፤ የብረት ክር ጊታር ላይ ያለው ጠቅላላ ውጥረት ከ70 ኪሎ ይበልጣል፤ ሣጥኑ ቢወድቅ አንገቱ የሚሰበረው በዚህ ውጥረት ላይ ምቱ ሲጨመር ነው። ቫዮሊንና ቼሎ ላይ ግን ክሩን ሙሉ በሙሉ አታውጡ፤ በውስጥ ያለው የድምፅ ምሰሶ ያለ ሙጫ በክሮቹ ግፊት ብቻ የቆመ ስለሆነ ይወድቃል። በቆዳ ሙጫ የተጣበቀ መሣሪያ ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲያገኙት መገጣጠሚያው ይለቃል፤ ለዚህ ነው የመጋዘን ቆይታ ከኪራዩ በላይ የሚያሳስበው። እርጥበትን ከ45 እስከ 55 በመቶ የሚጠብቅ ከረጢት ከመሣሪያው ጋር ቢገባ ዋጋው ትንሽ ነው፤ በጫማ ሣጥን ውስጥ የሚመጣው ሁሉን የሚያደርቅ ከረጢት ግን ሰሌዳውን ይሰነጥቃል።

ዋጋው ከተጠረጠረስ? አምሳያ የሌለው የእጅ ሥራ ስለሆነ ጉምሩክ የሚያነጻጽርበት «ተመሳሳይ ዕቃ» አያገኝም፤ ስለዚህ ጥያቄ መነሣቱ አያስደንቅም። ማኅደራችሁ ዝግጁ ከሆነ ግን ጥያቄው አጭር ይሆናል፦ የትእዛዝ ስምምነቱ ወይም የኢሜይል ልውውጡ፣ ሙሉው ኢንቮይስ፣ የሁለቱም ክፍያ የባንክ ማስረጃ፣ ሠሪው ያወጣው የዋጋ ዝርዝር፣ የመሣሪያው ፎቶ ከነውስጥ ምልክቱ። ከዚህም በላይ የዋጋ ትመና ስምምነቱ የሚሰጣቸው መብቶች አሉ፤ ጥቂት ሰው ነው የሚያውቃቸው። የዋጋው ውሳኔ ከዘገየ በቂ ዋስትና አስይዞ ዕቃውን ማውጣት ይቻላል፤ አንቀጽ 13 ነው። ዋጋው እንዴት እንደተወሰነ በጽሑፍ ከጠየቃችሁ በጽሑፍ ሊነገራችሁ ይገባል፤ አንቀጽ 16። ይግባኝ ስላላችሁ ቅጣት አይጣልባችሁም፤ አንቀጽ 11። በዘፈቀደ የወጣ ዋጋ ወይም የተቆረጠ ዝቅተኛ የዋጋ ወለልም አይፈቀድም፤ አንቀጽ 7። እነዚህን ቁጥሮች በትሕትና በደብዳቤ ላይ መጥቀስ ከጩኸት ይልቅ ይሠራል።

መሣሪያው ከደረሰ በኋላ ለጥገና ወደ ሠሪው መመለሱ ያለ ነው፤ አንገት ይጣመማል፣ ሰሌዳ ይሰነጠቃል። በተለመደው መላኪያ ከሄደ ሲመለስ እንደ አዲስ ግዢ ሙሉ ቀረጥ ይጠየቅበታል። ከመላኩ በፊት ለጥገና በጊዜያዊነት የሚወጣ መሆኑ በጉምሩክ መግለጫው፣ በዲክላራሲዮን፣ ይመዝገብ፤ በእጅ የተሠራ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ መለያ ቁጥር ስለሌለው ያው ዕቃ መመለሱን የሚያሳየው ፎቶ ብቻ ነው። የሠሪው ፊርማ ያለበት የውስጥ ወረቀት፣ የጀርባ እንጨቱ የመስመር አቅጣጫ፣ ጭረት ካለም ጭረቱ በቅርብ ይነሣ፤ ሁለት እንጨት አንድ ዓይነት መስመር የለውምና ይህ ከቁጥር ይበልጣል። እንዲህ ከተደረገ ሲመለስ የሚታየው የጥገናው ዋጋና መጓጓዣው ነው፤ በዋስትና በነፃ የተጠገነ ከሆነም ሠሪው ይህንኑ ጽፎ ይፈርም።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የዲክላራሲዮኑን፣ የቀረጥ ደረሰኙን፣ የእንጨት ዝርዝሩንና ፈቃድ ካለ ፈቃዱን ቅጂ መያዣው ኪስ ውስጥ አስቀምጡ፤ ዋናውን በቤት። ሙዚቀኛ ከመሣሪያው ጋር ድንበር ሲሻገር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህን የት ገዛኸው?» ነው። በሳይተስ ሥር ያለ ነገር የያዘ መሣሪያ ይዞ ደጋግሞ ለሚጓዝ ሰው እስከ ሦስት ዓመት የሚያገለግል የሙዚቃ መሣሪያ ሰርተፍኬት አለ፤ ለማውጣት የሚጠየቁት ወረቀቶችም እነዚያው በኪሱ ያሉት ናቸው።